ወንድሜን ላገኘልኝ ሰው ሦስት ኮከብ ተኩል

እኔ መገምገም እወዳለሁ። ፀጉር ቤት፣ ክትፎ ቤት፣ ጎማ የሚቀይሩልኝ ልጆች ሳይቀሩ ኮከብ ሰጥቻቸዋለሁ። ሰው ፈላጊ ስገመግም ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ሥራው በጉዲፈቻ ውጭ የሄዱ ልጆችን ኢትዮጵያ ካለው ቤተሰባቸው ጋር ማገናኘት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥሩት ልጆቹ ናቸው። አድገው «እናቴን ፈልግልኝ» ይሉታል። እኔ የተገላቢጦሽ ነኝ። ቤተሰብ ሆኜ ልጅ ፍለጋ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ስደውልለት «በዚህ በኩል ብዙ አልሠራሁም እህቴ፣ ልሞክር» አለኝ። አለመኩራራቱን ወደድኩለት።

ስሙን አልጽፍም። ከታች ቅሬታ አለኝ፣ ሰውየው ደግሞ አሁንም በዚሁ ሥራ ነው የሚያድረው፤ በአንድ የኔ ጽሑፍ እንጀራው እንዲዘጋ አልሻም። በዚያ ላይ ማንንም ብትቀጥሩ የሚገጥማችሁ ነገር ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግኩት ደሴ፣ ሸዋበር ነው። አባታችን ሲሞት እኔ 11 ዓመቴ፣ ወንድሜ ገና ድክ ድክ የሚል። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት ታስረክብ ነበር። ከዚያ ሳንባዋን ታመመች፣ ምጣዱም ቆመ። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወንድሜ አሜሪካ ሄደ። ሦስት ዓመት ተኩሉ ነበር። እኔን አልወሰዱኝም፤ ትልቅ ነሽ ተባልኩ።

እማዬ የገባት ነገር ሌላ ነው። በሷ አገር «የጡት ልጅ» የሚባል አለ። ልጁ ሌላ ቤት ያድጋል፣ ሌላ እናት ይጠራል፣ የወለደችውንም ያውቃታል፤ ለዓመት በዓል መጥቶ ጉልበት ይስማል። ጉዲፈቻ ሲሏት ይሄን መሰላት። «ተምሮ 18 ሲሞላው ይመጣል» አሏት፣ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ሁለት ዓመት ፎቶ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ሁለተኛው ፎቶ ላይ በረዶ ውስጥ ቆሟል። ቀይ ቆብ አድርጓል፣ አንድ እጁ ጓንት የለውም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሽ ያን ፎቶ በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ይዛው ነው የወጣችው። የቤቱን ካርታ ረስታለች።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ በ2011 ዓ.ም. መጣሁ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። አንድ አገር ውስጥ ገብተናል ማለት ነው፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም።

መጀመሪያ ስለ ምራቁ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዲኤንኤ፣ ማለትም ምራቅ ተፍቶ ዘመድ ከሚፈለግበት ምርመራ ስለሆነ እኔም 99 ዶላር ከፍዬ አዘዝኩ። ከመትፋት በፊት 30 ደቂቃ ምግብም መጠጥም ማስቲካም የለም ይላል መመሪያው። ዕለቱ እሁድ ነበር፣ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቷል። አቦሉን ጠጣሁና ሰላሳ ደቂቃ መቁጠር ስጀምር ቶናው መጣ። እሱንም ጠጣሁ። በረካው ሲቀርብ ተነስቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ብልቃጧ ትንሽ ናት፣ መስመር አላት። አረፋው አይቆጠርም፤ መስመሩ ጋ መድረስ ያለበት ፈሳሹ ነው። ሎሚ ሎሚ እያሰብኩ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። «ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ 99 በመቶ።» ይሄንንማ እማዬ በነፃ ትነግረኝ ነበር።

ዋናው ግን ከሥር ያለው የዘመዶች ዝርዝር ነው። ወንድሜ የለበትም። ሦስተኛና አራተኛ የአጎት ልጅ የሚላቸው ሩቅ ሰዎች አሉ። ስማቸውን ሳነብ የፈረንጅ ስም፣ ፎቷቸውን ስከፍት የኛው ልጆች። ሹሩባ የተሠሩ፣ የቅርጫት ኳስ ማሊያ የለበሱ፣ የኮሌጅ ምርቃት ካባ ያደረጉ። እነሱም ተፍተው ሰው የሚጠብቁ ናቸው። ለአንዷ ሰላምታ ጻፍኩላት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰች፦ «እናቴን ታውቂያታለሽ?» ምን ልበላት። ደሴ ትልቅ ከተማ ነው አልኳት፤ እሷ ግን ከየት እንደሄደች እንኳ በትክክል አታውቅም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የነዚህ ካምፓኒዎች ዝርዝር የየራሳቸው ነው። እናንተ አንዱ ጋ፣ ዘመዳችሁ ሌላው ጋ ከተፋችሁ አትገናኙም። ሌላ ቦታ የተሠራ ውጤት ተቀብሎ የሚጨምር አለ፤ እንደ አንሴስትሪ ያለው ግን አይቀበልም። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው ደግሞ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገባ ሰው ሁሉ «መረጃዬን አጥፉልኝ» እያለ ተሯሯጠ። እውነታቸውን ነው። እኔ ያሰብኩት ግን ያቺን ልጅ ነው። የእናቷ ወገን የሆነ ሰው የዚያን ሳምንት ራሱን ከዝርዝር አጥፍቶ ቢሆንስ?

ለምራቁ ሁለት ኮከብ። ብቻውን አያገኝም። በኋላ ግን ቁምነገር ሠርቷል፤ እመለስበታለሁ።

ወንድሜ 18 እስኪሞላው ሰው አልቀጠርኩም። የሚያሳድጉትን ሰዎች ማስደንገጥ አልፈለግኩም፤ እሱም ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይሄን ሰው አገኘሁት። ዋጋው 800 ዶላር፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ ሲገኝ። ትራንስፖርት በኔ። የመጀመሪያው ስብሰባ አስተርጓሚም በዋጋው ውስጥ አለ አለኝ። ይሄን አስተርጓሚ ያዙልኝ።

የመጀመሪያ ሥራው ለእማዬ የሚያስፈልጋትን መንገር ነበር። ውክልና። ያለ ውክልና ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ማንም ፋይል አያወጣለትም። ለውክልናው መታወቂያ፣ ለእናትነቷ ማስረጃ ያስፈልጋል። ቀበሌ ስትሄድ ፋይሉ በጦርነቱ ጊዜ ተበታትኗል ተባለች። ሦስት ምስክር ይዛ መጣች፤ አንዷ ወንድሜን ያዋለደችው ጎረቤታችን ነበረች። ምስክሮቹን ያሰባሰበው የዕድራችን ዳኛ ነው። ሰውየው ከአዲስ አበባ ድረስ በስልክ አንድ በአንድ ሲያስረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ይሄን ይበሏቸው» እያለ ነው። ለዚህ አምስት ኮከብ።

ከዚያ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ። ቴሌግራም ላይ ሁለት ምልክት ይሆናል፣ አይመልስም። አንድ ቀን እኔ አገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ላከ፤ ሆዴ ተላቆ ከፈትኩት። «እህቴ፣ መዝገብ ቤት ሻይ ሻይ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ 50 ዶላር ብትልኪ» ይላል። አልላክኩም። «ሻይ እኔም አልጠጣሁም» ብዬ ጻፍኩለት። ሳቀና ተወው። ፋይሉም ያለ ሻይ ወጣ። ይሄን የምጽፈው ሌላው እንዲያውቅ ነው፤ እንቢ ማለት ይቻላል።

ለመዘግየቱ ደግሞ ምክንያት ነበረው፣ ያኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት እንጂ። ወንድሜን የላከው የጉዲፈቻ ድርጅት ተዘግቷል። ወንድሜ የቆየበት ማሳደጊያም የለም። የውጭ ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ሲዘጋው፣ ወረቀቱ የሆነ ቢሮ ውስጥ በማዳበሪያ ተቋጥሮ ቀረ። የቀረው አስተማማኝ ነገር የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ እሱ ላይ የተቀባዮቹ ሙሉ ስም አለ። ውሳኔውን ለማግኘት የመዝገብ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ለእማዬ ማንም አልሰጣትም። ስለዚህ የዓመቱን መዝገብ በወንድሜ ስም ማገላበጥ ነበረበት። ስሙ ደግሞ አልነበረም። ሌላ የአባት ስም አስገብተውለታል። ያገኘው በፎቶው ነው።

የደወለው ማክሰኞ ቀን ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ዳሱ ውስጥ ነኝ። «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። «መኪና አለ» አልኩት። «አሳልፊውና መልሰሽ ደውዪ» አለ። አሳለፍኩት፣ ቲኬቱን ሳልቀበል። መልሼ ስደውል «ወንበር አለሽ? ተቀመጪ» አለኝ። ሞቷል ሊለኝ ነው ብዬ እጄ ቀዘቀዘ። «ልጁ አለ፤ አድራሻቸውም ፋይሉ ላይ አለ፤ ሚኒሶታ» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። «ግን እናቱ ሞታለች ይላል» አለኝ።

ቀበሌ ጻፈው የተባለ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አለ። ማኅተም አለው። እናትና አባቱ በሕይወት የሌሉ፣ ዘመድ የሌለው፣ ዕድሜው ሁለት ዓመት። ያን ጊዜ እማዬ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተኝታ መድኃኒት ትውጣለች፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ፎቶ አንስቶ ከመላኩ በፊት ደውሎ መንገሩን አልረሳለትም። በቴሌግራም ብቻዬን ከፍቼ ባነበው ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ይሄ እንዴት ያልፋል ብዬ ጠየቅኩት። «የዚያን ጊዜ ብዛት አታውቂም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በኋላ ሳነብ ቁጥሩን አየሁት። አሜሪካ ብቻ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ወስዳለች። በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን ከ5 ፋይል በላይ አላይም እስኪል ድረስ፣ በቀን እስከ 50 ይደርስ ነበር። በቀን 50 ፋይል የሚያይ ሰው የማን እናት እንደሞተች ደሴ ድረስ ደውሎ ይጠይቃል?

ወንድሜ ስለዚህ አልፈለገንም። ሊፈልገን አይችልም ነበር። የሞተ ሰው ማን ይፈልጋል።

ለወንድሜ የሚላከውን ደብዳቤ እኔ ልጻፍ አልኩ። «አንቺ አትጻፊ፣ ስሜትሽ ይፈሳል፤ ያስፈራዋል» አለኝና እሱ ጻፈው። አምስት መስመር። ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ መልስ ባይሰጥ ማንም እንደማይቆጣው። ከሥሩ የቀይ ቆቡን ፎቶ አያያዘ። በ19ኛው ቀን መልስ መጣ። «ይሄ ፎቶ እኛ ቤት ደረጃው ላይ ተሰቅሏል። እናንተ ከየት አመጣችሁት?» ሁለተኛው መስመር፦ «እናቴ ሞታለች። ማን ናችሁ?»

ልጁ ጠርጣራ ነው፣ እሰየው። ብዙ አጭበርባሪ አለ። ዲኤንኤ ካላየሁ አላምንም አለ። እዚህ ላይ ያ ምራቅ ሥራ ገባ። እኔ ከተፋሁበት ካምፓኒ ብልቃጥ ገዝቶ ተፋ። ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ከዝርዝሩ አናት ላይ ተቀመጠ፦ 2,587 ሴንቲሞርጋን (ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ መለኪያ ነው)። ሙሉ ወንድምና እህት 2,600 አካባቢ ነው የሚጋሩት፤ በአንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ 1,750 አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የላከው የመጀመሪያ መልእክት አንድ ቃል ነበር። «ኦኬ።»

አሁን ወደ አስተርጓሚው።

ቅዳሜ ቀን ነው። እዚህ ቀትር፣ ደሴ ማታ 1 ሰዓት። ሰውየው ደሴ ድረስ ሄዶ እማዬ ቤት ስልኩን ይዞላታል። አስተርጓሚው አዲስ አበባ ሆኖ በመስመር ላይ፣ እኔ ቨርጂኒያ፣ ወንድሜ ሚኒሶታ። እማዬ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና አፍልታለች። ለሱም ሲኒ ቀድታ ስልኩ ፊት አስቀምጣለች። ካሜራው ላይ የሚታየው በአብዛኛው የጣሪያው ኮርኒስ ነው።

ገና ስታየው «ማሙሽዬ! አባቴ! አባቴ!» አለች። አስተርጓሚው «ማይ ፋዘር፣ ማይ ፋዘር» ብሎ ተረጎመው። የወንድሜ ፊት ተለወጠ። በእንግሊዝኛ «አባቷ መሰልኳት? አሟታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ይሄን ለእማዬ «ደህና ነሽ ወይ ይልሻል» አላት። እሷም «ተመስገን፣ አሁንማ ደህና ነኝ» አለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አባቴ ማለት የኔ ጌታ፣ የኔ ዓለም እንደማለት ነው ብዬ ልገባ ነበር፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፣ ልታገሥ አልኩ።

ከዚያ ወንድሜ ጠየቀ። ወረቀት ላይ ጽፎት ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለምን ሰጠሽኝ ነው ጥያቄው። አስተርጓሚው «እንዴት እንደሄደ ይንገሩኝ ይላል» አላት። እማዬ አሥር ደቂቃ ተናገረች። አባታችን እንዴት እንደሞተ። ምጣዱ። ሳሉ። «ይመጣል ብለውኝ ነው እንጂ በቁሜ ልጄን አልሸጥኩም፤ 18 ሲሞላው በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ነበር» አለች። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እናትህ በጣም ደስ ብሏታል፣ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች፣ ያኔ ችግር ነበር ትላለች» አለው። አሥር ደቂቃውን በሦስት ሐረግ።

የኔ እንግሊዝኛ የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው። ግን አስተርጓሚውን «በቃ ወንድሜ፣ እናመሰግናለን፣ ውጣልን» አልኩት። እኔው ተረጎምኩ። ወንበሩን ብቻ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኩት፣ ቃል ስለጠፋኝ። «ቼር። አውትሳይድ። ኤቭሪ ዴይ።» ወንድሜ ካሜራውን አጠፋ። እማዬ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለች። ሩብ ሰዓት ጨለማውን ካየን በኋላ አበራው። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን ብላ ነበር የምትጠራኝ?» አለ።

«ማሙሽ» አለች እማዬ።

«ማሞሽ» አለ።

አስተርጓሚው ክፉ ሰው አልነበረም። በኋላ ደውዬ ስወቅሰው «እንዳይጣሉ ብዬ ነው እህቴ፣ ስሜታቸው እንዳይጎዳ» አለኝ። እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ፋይሉ ውስጥ እናቴን የገደላትም ሰው ለልጁ አስቦ ሳይሆን አይቀርም። ለአስተርጓሚው ዜሮ። ዜሮ አልቀበልም ካለ አንድ። ሰው ከቀጠራችሁ አስተርጓሚውን ቀድማችሁ አናግሩት፤ «የተባለውን እንዳለ ትላለህ ወይስ ታሳምረዋለህ?» በሉት። ከቻላችሁ ለሱ ለብቻው ክፈሉ። እኔ 99 ዶላር ለምራቅ ከፍዬ ለአስተርጓሚ አለመክፈሌ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት በሌላ ነገር ነው። ጥሪው ሲያልቅ ሰውየው «ቪዲዮውን ቀድቼዋለሁ፣ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው? ሌሎች እናቶች እንዲበረታቱ» አለኝ። እማዬ ስታለቅስ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ። እንቢ አልኩ። አጥፍቶታል፤ ሲያጠፋ በስክሪን አሳየኝ። ሳይጠይቅ መቅዳቱ ግን ልክ አልነበረም። ሁለተኛውን 400 ዶላር በማግሥቱ ላክሁለት፣ አላስቀረሁበትም።

አሁን ወንድሜና እማዬ በየሳምንቱ ያወራሉ። አብዛኛው የድምፅ መልእክት ነው፤ እኔ ማታ ከሥራ ስወጣ እተረጉማለሁ። ያሳደገችው እናቱም አንዴ ላከች። ስለ ቀበሌው ደብዳቤ አታውቅም ነበር፣ አምናታለሁ። እማዬ በርበሬ ልላክላቸው ትላለች። በዚህ ሰዓት ይበላሉ አይበሉ ክርክር ላይ ነን።

የቀረው ፋይሉ ነው። እማዬ በመንግሥት ወረቀት ላይ እስከዛሬ ሙት ናት። ወንድሜ ይታረም ብሏል፤ እኔም ይታረም ብያለሁ። ሰውየው ጠበቃ አውቃለሁ፣ መከታተሉን ለኔ ተይው አለ። 300 ዶላር ጠየቀኝ፣ ሻይ የለበትም ብሎ። ላስብበት ብዬዋለሁ።